ቤትም ያስተምራል፦ የሐረር አሮጌ ቤት እንዴት ይነበባል?



የታሪክ ትምህርት ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን የንጉሥ ስም፣ ጦርነትና ዓመተ ምሕረት ነው። እነዚህን ሸምድደን ፈተና እንፈተናለን፣ ከዚያም እንረሳለን። ነገር ግን በየሰፈሩ የቆመ ሌላ የታሪክ መጽሐፍ አለ። ሰው የሚተኛበት፣ ቡና የሚጠጣበት፣ ልጁን የሚድርበት፣ ሲያዝንም የሚቀመጥበት። ይኸውም ቤት ነው። ቤት የሠራው ሰው ታሪክ ልጻፍ ብሎ አልሠራውም። ግን ግድግዳውን፣ በሩንና መቀመጫውን በደንብ ያየ ሰው ስለ ባለቤቶቹ ኑሮ ብዙ ነገር ያነብበታል።

በዚህ እትም አንድ ዓይነት ቤት መርጠን እንደ መጽሐፍ ገጽ በገጽ እናነብባለን። እሱም በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በሐረር ከተማ፣ በጀጎል ግንብ ውስጥ ያለው የሐረሪዎች ባህላዊ ቤት ነው። ሐረሪዎች ከተማቸውን «ጌ» ይሏታል፤ «ጋር» ማለት ደግሞ ቤት ነው። ስለዚህ ይህ ቤት «ጌ ጋር» ይባላል፤ የከተማዋ ቤት እንደማለት ነው። (ዓመታቱን በሙሉ የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ግንቡ ከየት መጣ?

ቤቱን ከማየታችን በፊት ሰፈሩን እንይ። በ16ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ሐረር በጦርነት የደከመች ከተማ ነበረች። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም በ1543 በጦርነት ከሞቱ በኋላ ከተማዋን ያስተዳደሩት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ናቸው። ዛሬ ጀጎል የምንለውን ግንብ ያስገነቡት እሳቸው እንደሆኑ ይታወቃል። ግንቡ ከድንጋይና ከጭቃ የተሠራ ሲሆን መጀመሪያ አምስት በሮች ነበሩት። በሮቹ በሐረሪ ቋንቋ፣ በአማርኛና በኦሮምኛ የተለያየ ስም አላቸው። ይህም ራሱ አንድ ትምህርት ነው፤ በአንድ በር የሚገባው ሰው ብዙ ቋንቋ ተናጋሪ ነበር ማለት ነው።

በ1647 ሐረር የራሷ አሚር ያላት መንግሥት ሆነች፤ የራሷን ገንዘብም ታትም ነበር። ከ1875 እስከ 1885 የግብፅ ጦር ያዛት። በ1887 መጀመሪያ ላይ ደግሞ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በጨለንቆ ጦርነት የመጨረሻውን አሚር፣ አሚር አብዱላሂን፣ አሸንፈው ከተማዋን ያዙ። ገዢ አድርገው የሾሙት የኋላውን ራስ መኮንንን ነበር። ይህን ጦርነት አትርሱት፤ ቤት ውስጥ ስንገባ እንደገና እናገኘዋለን።

ከውጭ ሲታይ

በጀጎል ጠባብ መንገዶች ሲኬድ በግራና በቀኝ የሚታየው ግድግዳ ነው። ቤቶቹ ፊታቸውን ለመንገድ አያሳዩም። ከመንገድ የሚገባው በአንድ በር ሲሆን፣ በሩ የሚያደርሰው ወደ ግቢ ነው። በግቢው ዙሪያ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ቤት ይኖራል፤ ዘመዳሞች ወይም ጎረቤቶች ግቢውን ይጋራሉ። ማዕድ ቤቱም ያለው በግቢው ውስጥ ነው።

ታዲያ ይህ አሠራር ምን ይነግረናል? አንደኛ፣ የቤተሰብ ገመና የሚጠበቅበት ኑሮ እንደነበር። መንገደኛ በሩ ላይ ቆሞ ሳሎኑን ማየት አይችልም። ሁለተኛ፣ ግንቡ ስለማይሰፋ ቦታ ውድ እንደነበር። ሰው ሲበዛ ቤቱ እየተጠጋጋ፣ መንገዱም እየጠበበ ሄደ። እኛ ባለንበት ካምፕም ቤተሰብ ሲበዛና አዲስ ሰው ሲመጣ አጥር ወደ አጥር እንደሚጠጋ ሁላችንም እናየዋለን።

ግድግዳው የሚሠራው ከአካባቢው በሚወጣ ድንጋይ ነው፤ ማያያዣው ጭቃ ነው። ከዚያ ይለሰንና ኖራ ይቀባል። ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ቀን ሙቀቱን፣ ማታ ብርዱን ይከላከላል። የድሮው ጣሪያ ጠፍጣፋ ነበር፤ ግንዶች በተርታ ይደረደሩና በላያቸው ላይ አፈር ይደመደማል። እንዲህ ያለ ጣሪያ በየጊዜው ካልታደሰ ዝናብ ያስገባል። ዛሬ ብዙዎቹ ቤቶች በላያቸው ቆርቆሮ ተደርጎባቸዋል።

አምስቱ ነደባዎች

አሁን ጫማችንን አውልቀን እንግባ። የመጀመሪያው ክፍል «ጊዲር ጋር» ይባላል፤ ትልቁ ቤት ማለት ነው። ወንበርና ሶፋ የለበትም። በእነሱ ፋንታ ከወለሉ ከፍና ዝቅ እያሉ የተሠሩ፣ ምንጣፍና ትራስ የለበሱ መቀመጫዎች አሉ። እነዚህ «ነደባ» ይባላሉ። በገጠር ቤት ያደገ ሰው «ይህማ መደብ አይደለም እንዴ?» ሊል ይችላል። አዎ፣ መደብ ነው። ግን እዚህ ቤት መደቡ አምስት ነው፤ እያንዳንዱም ስምና ባለቤት አለው።

«አሚር ነደባ» የቤቱ አባወራ ቦታ ነው። እዚያ የተቀመጠ ሰው በበሩ የሚገባውን ሁሉ ያያል። ጦር የሚቆመውም በዚያው አጠገብ ነበር። «ጊዲር ነደባ» ትልቁና ሰፊው ሲሆን እንግዳና ትልልቅ ሰዎች ይቀመጡበታል። «ጢት ነደባ» ትንሹ ማለት ነው። «ገብቲ ኢሒር ነደባ» ከበሩ ኋላ ያለው ነው፤ ጉዳይ ይዞ የመጣ ወይም በዕድሜ የሚያንስ ሰው እዚያ ጠጋ ይላል። «ሱትሪ ነደባ» ደግሞ ከለል ያለው፣ ለማረፊያ የሚሆነው ነው። ስለ አምስትነታቸው ሲጠየቁ ብዙ ሽማግሌዎች ከአምስቱ የእስልምና መሠረቶች ጋር ያያይዙታል፤ የጀጎልም የድሮ በሮች አምስት ነበሩ።

እስቲ አስቡት። አንድ ሰው ወደዚህ ቤት ሲገባ ማንም «እዚህ ተቀመጥ» ሳይለው ቦታውን ያውቃል። ልጅ ከአባቱ ፊት ከፍ ብሎ አይቀመጥም። ለእንግዳ ቦታ ይለቀቃል። በሌላ አገር በሕግ መጽሐፍ የሚጻፈው የመከባበር ሥርዓት እዚህ በጭቃና በድንጋይ ተሠርቶ ተቀምጧል። ልጆችም ያለ ደብተር ይማሩታል። ቤትም ያስተምራል ያልነው ለዚህ ነው።

ግድግዳው ላይ ደግሞ ወደ ውስጥ የተቦረቦሩ መደርደሪያዎች አሉ። መጻሕፍት፣ ጎድጓዳ ሳህኖችና የከበሩ ዕቃዎች ይቀመጡባቸዋል። ከነሱ ዙሪያ ሴቶች የሰፏቸው ባለ ቀለም ስፌቶች ይሰቀላሉ። እነዚህ ስፌቶች ጌጥ ብቻ አይደሉም። ሴት ልጅ ከእናቷና ከዘመዶቿ እየተማረች የምትሰፋቸው ናቸው፤ አንዳንዱ ለሠርግ፣ አንዳንዱ ለአማት የሚሰጥ ነው። የወንዶቹ ሥራ ከግድግዳው ድንጋይ ላይ ከተነበበ፣ የሴቶቹ ሥራ ከስፌቱ ላይ ይነበባል።

የምንጣፉ መልእክትና የሙሽሮቹ ክፍል

ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የሚቀመጥ ምንጣፍ አለ። አዲስ ሰው ቢያየው ቦታ አጥቶ የተቀመጠ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። በሐረሪዎች ልማድ እንዲህ ያለ ምንጣፍ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ሴት ልጅ በቤቱ እንዳለች ይናገራል። ሽማግሌ የሚልክ ቤተሰብ ሳይጠይቅ መልሱን ያገኛል ማለት ነው።

ከትልቁ ክፍል ጎን «ኪርታት» የሚባል ትንሽ ክፍል አለ። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው። በድሮው ልማድ ሙሽሮች የጫጉላ ቀናቸውን የሚያሳልፉት እዚያ ነበር። «ዴራ» የሚባለው ክፍል ደግሞ የዕቃና የእህል ማስቀመጫ ነው። ከነዚህ በላይ «ቃላ» የሚባል ደርብ አለ። እሱም ቀድሞ በአብዛኛው ዕቃ ማስቀመጫ ነበር፤ ኋላ ግን በብዙ ቤት የእንጨት ደረጃ ተሠርቶለት መኖሪያ ሆነ።

ቀዩ ወለል

አሁን ወደ ታች እንይ። ነደባውና ወለሉ ቀይ ነው። ግድግዳው ነጭ፣ መቀመጫው ቀይ። ለምን? ቀለሙ ከቀይ አፈር ነው የሚገኘው። ሐረሪዎች ግን ሲጠየቁ የሚመልሱት በአፈሩ ዓይነት አይደለም። በ1887 በጨለንቆ ያለቁትን ሰዎች ደም ለማስታወስ ነው ይላሉ።

እዚህ ላይ መምህራን ቆም እንድትሉ እንፈልጋለን። ስለ ጨለንቆ በትምህርት ቤት መጽሐፍ የተማርነው ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር ያለቀ ነው፤ ምኒልክ ሐረርን ወደ ግዛታቸው ቀላቀሉ ይላል። ከአሸናፊው ወገን ሆኖ ለሚያነብ ይህ አገር የማስፋት ወሬ ነው። በቀይ ወለል ላይ ተቀምጦ ላደገ ልጅ ግን ያው ቀን የሐዘን ቀን ነው። ጦርነቱ አንድ ነው፤ ትዝታው ሁለት ነው። አንዱ በወረቀት፣ ሌላው በወለል ላይ ተጽፏል።

ይህ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። በአንድ ክፍል ውስጥ ከተለያየ አገርና ከተለያየ ብሔረሰብ የመጡ ልጆች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የአንዱ አባት ጀግና ብሎ የነገረውን ሰው የሌላው እናት በእንባ ታስታውሰው ይሆናል። መምህሩ አንዱን ትዝታ ሰርዞ ሌላውን ብቻ ሰሌዳ ላይ ቢጽፍ ግማሹ ክፍል ዝም ይላል። ሁለቱንም አስቀምጦ «ይህን የሚለው ማነው? ለምንስ እንዲህ አስታወሰው?» ብሎ ቢጠይቅ ግን ታሪክ ማስተማር ጀመረ ማለት ነው።

ከባሕር ማዶ የመጣው ቤት

ከ1887 በኋላ የሕንድ ነጋዴዎች ወደ ሐረር በብዛት መጡ። እነሱም የራሳቸውን አሠራር ይዘው መጡ፤ ባለ አንድ ፎቅ፣ አራት ማዕዘን፣ በረንዳው ወደ መንገድ ወይም ወደ ግቢ የሚያይ፣ እንጨቱ በጥንቃቄ የተቀረጸ ቤት። ሐረሪዎችም ይህን አይተው ከራሳቸው ጋር ያዋሃዱት ጊዜ አለ። ስለዚህ ዛሬ በጀጎል ሦስት ዓይነት ቤት ይታያል፦ ባህላዊው ጌ ጋር፣ የሕንዶቹ ቤትና ሁለቱን ያጣመረው።

ከሕንዶቹ ቤቶች ሁለቱ በጣም የታወቁ ናቸው። አንደኛው የራስ ተፈሪ ቤት ይባላል። በ1911 የተጋቡት ተፈሪ መኮንንና ወይዘሮ መነን ያረፉበት እንደሆነ ይነገራል። ዛሬ አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ለብዙ ዓመታት የሰበሰቧቸው የእጅ ጽሑፎች፣ ሳንቲሞችና አልባሳት የሚታዩበት ሙዚየም ሆኗል። ሁለተኛው የራምቦ ቤት ይባላል፤ በ1880 ወደ ሐረር በመጣው ፈረንሳዊ ባለቅኔ በአርተር ራምቦ ስም ነው የሚጠራው። ያሠራው ግን ራምቦ አይደለም፤ ሕንዳዊ ነጋዴ ነው። እንግዲህ የቤት ስም ሁልጊዜ ሠሪውን አይነግረንም። ስሙ የታወቀው ሰው ቤቱን ይወስደዋል፤ ግንበኛውና አናጢው ይረሳሉ። ታሪክ ስትጽፉ ይህን አስቡ፦ ስሙ ያልተጻፈው ሰው ማነው?

ባቡሩ ያለፋት ከተማ

ሰዎች «ይህ ሁሉ አሮጌ ቤት እንዴት ሳይፈርስ ቆየ?» ብለው ይጠይቃሉ። አንዱ መልስ ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ በመጀመሪያ ሐረርን እንዲነካ ታስቦ ነበር። ተራራውን መውጣት ከባድና ውድ ስለሆነ ግን ሐዲዱ በቆላው በኩል አለፈ። በ1902 ከሐረር በታች አዲስ ጣቢያ ተከፈተ፤ ይህም ድሬዳዋ ሆነ። ንግዱም ቀስ በቀስ ወደዚያ ወረደ። ሐረር ገበያዋን በከፊል አጣች፤ አሮጌ ቤቶቿ ግን ለትልልቅ መጋዘንና ለሰፊ መንገድ ተብለው አልፈረሱም። የአንድ ከተማ ጉዳት የቤቶቿ ዕድሜ ሆነ ብንል ማጋነን አይሆንም።

ባለቤቱ ሲሄድ

ቤት ግን በባቡር ብቻ አይደለም የሚተርፈው ወይም የሚጠፋው። በ1948 በከተማዋ ከተነሳው የፖለቲካ እንቅስቃሴ በኋላ ብዙ ሐረሪዎች ታሰሩ፤ ብዙዎችም ከተማቸውን ትተው ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌላ ቦታ ሄዱ። በ1975 ደግሞ ደርግ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶችን በአዋጅ ወረሰ። አንድ ቤተሰብ መኖሪያ የሚሆነው አንድ ቤት ብቻ ቀረለት። የተወረሱ ቤቶች ተከራዮች ገቡባቸው። ለአንድ ቤተሰብ የተሠራው ጊዲር ጋር ሲከፋፈል ነደባው የክፍል ማካፈያ የሚሆንበት ወይም ጭራሽ የሚነሳበት ጊዜ ነበር። ተከራዩ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። የነደባውን ቋንቋ የሚያስረዳው ሰው አጠገቡ አልነበረም፤ እሱም ልጆቹን የሚያስተኛበት ቦታ ያስፈልገው ነበር።

በዚህ ላይ የጥገናው ጉዳይ አለ። አንዳንዱ ባለቤት ጭቃውና ኖራው ሰለቸኝ ብሎ ግድግዳውን በሲሚንቶ ይለስነዋል። ሲሚንቶ ጠንካራ ስለሆነ ይሻላል ይመስላል። ግን በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ እርጥበት ሲያገኝ መልሶ ማስወጣት አለበት። ሲሚንቶው ይህን ይከለክለዋል፤ እርጥበቱ ውስጥ ይቀርና ግድግዳውን ያላላዋል፤ ልስኑም ተሰንጥቆ ይወድቃል። የጭቃ ብሎክ ቤቱን በሲሚንቶ የለሰነ ጎረቤት ያለው ሰው ይህን አይቶት ይሆናል።

በ2006 ዩኔስኮ ሐረር ጀጎልን በዓለም ቅርስነት መዘገበ። በግንቡ ውስጥ 82 መስጊዶችና 102 አድባራት፣ ማለትም የቅዱሳን መቃብርና መዘየሪያ ቦታዎች፣ እንዳሉ በምዝገባው ላይ ተጽፏል። ምዝገባው ጥሩ ነው። ግን መዝገብ ጣሪያ አይጠግንም። ቤቱን የሚያቆየው በየዓመቱ ኖራ የሚቀባው ሰው ነው፤ «ይህ አሚር ነደባ ነው፣ ይህ ደግሞ ከበሩ ኋላ ያለው ነው» ብሎ ለልጁ የሚናገረው ሰው ነው።

የሚገርመው ነገር ይህ ንግግር ከግንቡ ውጭም መቀጠሉ ነው። ከሐረር የወጡ ሐረሪዎች በአዲስ አበባ ዘመናዊ ቤት ሲሠሩ ሳሎናቸው ውስጥ ነደባ የሚያሠሩ አሉ። በሩቅ አገር የሚኖሩትም የእናታቸውን ስፌት ግድግዳ ላይ ይሰቅላሉ። ድንጋዩን ይዘው መሄድ አልቻሉም፤ ሥርዓቱን ግን ይዘው ሄዱ።

ይህ ለእኛ ምኑ ነው?

በትምህርት ቤታችን ካሉት ልጆች ብዙዎቹ የተወለዱት እዚሁ ካምፕ ውስጥ ነው። ወላጆቻቸው «ቤታችን» ሲሉ የሚያስቡትን ቤት አይተውት አያውቁም። ቤቱ ምናልባት ተቃጥሏል፣ ወይም ሌላ ሰው ይኖርበታል፣ ወይም ቆሞ ይጠብቃል። በሦስቱም መንገድ ግን ልጁ ሊገባበት አይችልም። ቤቱን የሚያውቁት ሰዎች ደግሞ ዕድሜያቸው እየሄደ ነው። አንዲት አያት ስትሞት የማዕድ ቤቱ ቦታ፣ የምሰሶው ዛፍ ስም፣ ለእንግዳ የሚለቀቀው መቀመጫ አብሯት ይቀበራል።

የሐረር ቤት የሚያሳየን ቤት ለመመዝገብ ቤተ መንግሥት መሆን እንደሌለበት ነው። ጌ ጋር የነጋዴና የገበሬ፣ የመምህርና የሸማኔ ቤት ነው። የሣር ጎጆ፣ የጭቃ ቤት፣ ተነቅሎ በግመል የሚጫን የአርብቶ አደር ቤትም እንደዚሁ ሥርዓት አለው፤ ማን በየት በኩል እንደሚተኛ፣ እሳቱ የት እንደሚነድ፣ ጥጃው የት እንደሚታሰር ይታወቃል። ስለዚህ ጥያቄው «ቤታችን ትልቅ ነበር ወይ?» አይደለም። «ቤታችን ምን ይናገር ነበር?» ነው።

ለክፍል ሥራ

መምህራን ይህን ሥራ ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ልትሰጡት ትችላላችሁ። ደብተርና እርሳስ ይበቃል።

1. ተማሪው አንድ ትልቅ ሰው ይጠይቅ፤ እናት፣ አያት ወይም ጎረቤት። የድሮ ቤታቸውን ወለል ሥዕል አብረው ይሣሉ። በሩ፣ እሳቱ፣ መኝታውና መቀመጫው የት ነበር?

2. ማን የት ይቀመጥ ነበር? እንግዳ ሲመጣ ማን ይነሳ ነበር?

3. ቤቱ ከምን ተሠራ? እንጨቱ፣ ሣሩ፣ ድንጋዩ በቋንቋቸው ምን ይባላል? ቃሉን እነሱ እንደሚሉት ጻፉት።

4. ሥራውን ማን ሠራው? ወንዶቹ ምን ሠሩ? ሴቶቹስ?

5. ስለ ቤቱ የሚነገር ነገር አለ? ከተቻለ ያንኑ ጥያቄ ሁለተኛ ሰው ጠይቁና መልሶቹን ጎን ለጎን ጻፉ። ካልተስማሙ አንዱን አትሰርዙ፤ እንደ ቀዩ ወለል ሁለቱንም አቆዩ።

አንድ ማሳሰቢያ አለን። ስለ ቤቱ መናገር የሚያምመው ሰው አለ። «አልፈልግም» ካለ ጥያቄው እዚያ ላይ ይቁም፤ ተማሪውም ሌላ ሰው ይጠይቅ። ሥዕሉ ላይ የሰው ስምና አድራሻ መጻፍ አያስፈልግም።

ሥዕሎቹ ሲሰበሰቡ በክፍሉ ግድግዳ ላይ ስቀሏቸው። ከተለያየ አገር የመጡ ቤቶች በአንድ ግድግዳ ላይ ጎረቤት ይሆናሉ። ልጆቹ የጓደኛቸውን ቤት በር ያያሉ፤ የት እንደሚቀመጡም ይጠይቃሉ።